የዘፋኙ ድርሻ

«ሦስት መቶ ሰው ብቻ ነው እንዴ የሚወዳቸው?»

አስካለ ይህን ጥያቄ ባሏ ከታመመ ጀምሮ በሆዷ ይዛው ስትዞር ከርማለች። አሁን፣ አጥናፉ በተቀበረ ማግስት፣ የእድሩ ጸሐፊ አጽብሐ የካርታ ጨዋታውን አቋርጦ ድንኳኑ መሀል ቆመና ከአፏ የነጠቃት ይመስል ጮክ ብሎ ጠየቀ። በእጁ የሸክላ አልበም ይዟል። ሽፋኑ ላይ አጥናፉ በወጣትነቱ ይስቃል። ከጀርባው ታች ጥጉ ላይ ደግሞ ቁጥር ታትሞበታል፤ ከሦስት መቶ ቅጂ ስንተኛው እንደሆነ የሚናገር ቁጥር።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያሳተመችውን ሊሊን ጠይቃት» አለች አስካለ። «ደግሞ ዝቅ በል እስቲ፤ ያ ሽቦ ራስህን ሊነካህ ነው።»

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ የድንኳኑ ገመድ ነው። ገመድ መቼ ሰው ጨብጦ ያውቃል?»

«ገመድም ይሁን። ዝቅ በል።»

አጽብሐ ዝቅ አለላት። ካርታ የያዙት ሰዎች በለቅሶ ቤት እንዳይስቁ ከንፈራቸውን ነከሱ።

«እሺ እኔው ልንገራችሁ» አለ ተቀምጦ። «እዚህ ታች ያለው ሳምቡሳ ቤት ከሰዓት በኋላ ‹አልቋል› የሚለን ዱቄት አጥቶ ነው? ነገ በጠዋት እንድንሰለፍለት ነው። ጋሽ አጥናፉንም እንደ ሳምቡሳው አደረጓቸው።»

«በሟች ላይ እንዲህ ይባላል?» አለች ምብራት ከሴቶቹ ወገን። ምብራት የድሮ ጎረቤት ናት፤ ዕቃ ስትዋስ ሳትነግር፣ ስትመልስ አብዝታ የምትመልስ።

«ጋሽ አጥናፉ ቢሰሙ ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ናቸው።»

ይህ እውነት ስለሆነ አስካለ አልተቆጣችም። ጥያቄው ግን አልወጣላትም። አምስት ኪሎ ያለው ፀጉር አስተካካይ ብቻ፣ ዘመዶቹን ጨምሮ፣ ስንት ሰው ነው? ፖስታ ቤት አብረውት የሠሩት? የሰንበቴው ማኅበር? ማነው ተቀምጦ «ለአጥናፉ ሦስት መቶ ይበቃዋል» ያለው?

ካርቶኖቹ ግድግዳውን ተደግፈው ከፍራሿ አጠገብ ተደርድረዋል። ጠዋት አንድ ሹፌር ነው ያመጣቸው። ድንኳኑን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» አለ፤ አንድ በአንድ ተሸክሞ አስገባና ሄደ። የልጅ ልጇ ሊሊ ቤት አልነበረችም፤ ለሰልስቱ ካህናቱን ልታነጋግር ቤተ ክርስቲያን ወርዳለች። አስካለ የላይኛውን ካርቶን በቢላ ቀደደችው። ባሏ ነበር። ከሥሩም ባሏ። ከሱም ሥር ባሏ። ፀጉሩ ሳይሸሽ፣ ጥርሱ ሳይጎድል፣ ከጓደኛው ከገብረአብ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ፣ ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ፣ ያ በር ዛሬ የሌለ በር። ገብረአብ ክላርኔቱን እንደ ጃንጥላ በብብቱ ይዟል።

ከዚያ ነገሩ ገባት፤ የገባት መሰላት። ድሮ አጥናፉ ሲዘፍን ሙዚቃ ቤቱ የዘፋኙን ድርሻ በካርቶን አድርጎ ቤቱ ድረስ ይልክለት ነበር። ይሄም እሱ ነው። የቀረው ሱቅ ለሱቅ ተበትኖ ይሆናል፤ የዘፋኙ ድርሻ ግን እንደ ደንቡ ወደ ዘፋኙ ቤት መጣ። ዘፋኙ ደግሞ የለም። ታዲያ ድርሻው የማን ነው? ሊቀብሩት የመጡት ሰዎች ነዋ!

ለሚወጣ ሁሉ መስጠት የጀመረችው በዚህ ሐሳብ ነው። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ጎረቤት እንዲህ ተሰብስቦ አያውቅም። አንዱ ከገላን፣ አንዱ ከኮዬ፣ አንዱ ከአራብሳ፣ በሁለትና በሦስት ታክሲ ነው የመጣው። ባዶ እጁን እንዴት ይመለሳል? ንፍሮ እንኳ በፌስታል ቋጥራ ካልሰጠች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት።

«በለቅሶ ቤት ዘፈን ይታደላል እንዴ?» አለች ምብራት፣ ለጎኗ ሴት በሹክሹክታ፣ ግን አስካለ እንድትሰማው አድርጋ።

«ማን አጫወተው ምብራት? የሰጠሁት ፎቶውን ነው። ሬዲዮኑን እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።»

«አይ፣ እኔ ምን አልኩ! ለኔም ስጪኝ ለማለት ነው እንጂ።»

ሰጠቻት።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረአብ ለመሄድ ሲነሱ አስካለም ከፍራሹ ተነሣች። ለሌላው ተቀምጣ ነበር የምትሰጠው፤ ለሳቸው ቆመች። ጋሽ ገብረአብ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። በቀብሩ ዕለት እጇን ይዘው «ኣጆኺ» ብለው በትግርኛ ካጽናኗት በኋላ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሸክላውን በሁለት እጇ ስትሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሽፋኑን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት። በአውራ ጣታቸው የራሳቸውን የወጣትነት ፊት፣ ከዚያ የአጥናፉን፣ ዳበሱ። ከዚያ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱትና እየተጎተቱ ወጡ። አስካለ በሩ ላይ ያለውን ድንጋይ እስኪያልፉ በዓይኗ ሸኘቻቸው፤ ያ ድንጋይ ስንቱን አዳልጧል።

ሊሊ የመጣችው ሁለተኛው ካርቶን ሲከፈት ነው።

«በዚህ ብርድ በዚህ ሹራብ?» አለቻት አስካለ። «ምሳስ በልተሻል?»

ሊሊ ካርቶኑን አየች። ከድንኳኑ የሚወጡትን ሁለት ሴቶች፣ በብብታቸው የያዙትንም አየች።

«እማዬ» አለች በቀስታ፣ «ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድርሻውን እየሰጠሁለት።»

«የማንን ድርሻ?»

«የአያትሽን ነዋ።»

ሊሊ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና መጋረጃውን ጎተተችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓት እነሱ ናቸው፤ አስካለ የዚህችን ልጅ ፊት ከራሷ ፊት ይልቅ ታውቀዋለች። እንዲህ ሲነጣ ያየችው አጥናፉ ያረፈ ዕለት ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ የአባባ ድርሻ አይደለም። የታተመው በሙሉ ይሄ ነው። ሱቅ የሚባል ነገር የለም። ሦስት መቶውም ካርቶኑ ውስጥ ነው ያለው፣ ከአባባ ጥቂት ቅጂ በቀር ሁሉም ደግሞ ከመታተሙ በፊት ተሽጧል። እያንዳንዱን የሚጠብቅ ሰው አለ። አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዱ ጃፓን።»

«ጃፓን? አማርኛ ያውቃል?»

«አያውቅም። የአባባን ድምፅ ነው የሚያውቀው።»

አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «በይ ሌላ አሳትሙ። እኔ ምን አውቄ፣ አሮጊት ነኝ፣ ተሳሳተች በያቸው።»

«አይቻልም። ከሦስት መቶ አንድም አንጨምርም ብለን ቃል ገብተናል። ሰው ሳያየው የገዛን ያንን ቃል አምኖ ነው። እኔንና ጸሎትን ማን ያውቀናል? ሁለት ሴቶች፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የመጀመሪያ ሥራ። ቃላችንን ካጠፍን የሌላ ሰው ዘፈን በእጃችን የሚሰጠን የለም። አለቀልን ማለት ነው።»

ሊሊ ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ለአስካለ ይሻላት ነበር።

«ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አላበዛችሁትም?» አለች አስካለ፤ ጥያቄው በመጨረሻ ወጣ። «ሦስት ሺህ ብታደርጉት ለጃፓኑም ለምብራትም ይደርስ ነበር። ሰው ምን ይላል? ‹ለአጥናፉ ከሦስት መቶ በላይ ሰው አይገኝለትም ብለው ነው› ይላል እኮ። ይሄን ሳስብ ነው ስንት ቀን እህል የማይወርድልኝ።»

ሊሊ ዘይት ጄሪካኑ ላይ ተቀመጠች።

«እንደዛ አይደለም። ማተሚያ ቤቱ መጀመሪያ ክፈሉ ነው የሚለው። ሦስት ሺህ አሳትመን ቢቀርብን እኔና ጸሎት ካርቶን ላይ ነው የምንተኛው። ጥቂት ሲሆን ሰው ‹ነገ እገዛለሁ› አይልም፤ ዛሬ ይገዛል። በዚያ ማተሚያውን እንከፍላለን፣ የድሮውን የቴፕ ክር እናስጸዳለን፣ ከዚያ ዘፈኑን ለሁሉም ሰው በየስልኩ እንለቀዋለን። ዘፈኑ አልተቆጠረም እማዬ። የተቆጠረው ሸክላው ነው።»

«በስልክ ካለ ሸክላው ምን ያደርጋል?»

«በስልክ ያለው ዘፈን የማንም አይደለም። አንድ ቀን ኩባንያው ቢያነሣው ጠይቆሽ አይደለም የሚያነሣው። ሸክላ ግን...» እጇን ዘረጋችና ባዶውን አየር ጨበጠች። «እኔ እንጃ። ሰው የሚወደውን ነገር በእጁ መያዝ ይፈልጋል። ከዚህ በላይ ለራሴም አይገባኝም።»

አስካለ ከልጅቷ ትከሻ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈችላት። ሌላ የምታደርገው ጠፍቷት ነው።

አጥናፉን ስታውቀው ዘፋኝ መሆኑን አላወቀችም ነበር። ቸርችል ጎዳና ላይ ፖስታ ቤት የቴምብር መስኮት ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ቴምብሩን ሲቀድ ከአፍንጫው ያንጎራጉራል። እናቷ ደብዳቤ ልኪ ስትላት ሰልፍ ወደሌለበት ሌላ መስኮት ሄዳ አታውቅም፤ የሱ መስኮት ላይ ትቆማለች። አንድ ቀን ከቴምብሩ ጋር አንዲት ትንሽ ሸክላ በመስታወቱ ሥር አሾለከላት። ሁለት ዘፈን፣ በፊት አንድ፣ በጀርባ አንድ። «ይሄ ስንት ነው?» አለችው። «እሱ የኔ ነው» አላት። ሸክላው የሱ መሆኑን አላመነችም፤ ቴምብር ሻጭ ሲያሾፍባት መሰላት።

ያኔም ድርሻው በካርቶን ነበር የመጣው። አጥናፉ ካርቶኑን አቅፎ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲወጣ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ፣ ሰላም ላለው ሁሉ አንድ እየሰጠ ሄደ። ሊስትሮው፣ ጋዜጣ ሻጩ፣ መንገድ የጠየቀው የሐረርጌ ሰው ሳይቀር ደረሰው። ቤቱ ሲደርስ ካርቶኑ ብቻ ቀረ። ለአስካለ የሰጣት አንድ ነበር፤ እሱንም ከተጋቡ በኋላ ለዘመቻ የሚሄድ ጎረቤት ሊሰናበት ሲመጣ «የኔና ያንቺ ምን ልዩነት አለው» ብሎ ከሳጥኗ አውጥቶ ሰጠው። ተኮራርፈው ዋሉ። ማታ ጢሙን ሲላጭ ዘፈኑን ዘፈነላት፤ «ይኸው፣ ሸክላው እዚህ አለ» አላት፣ ሳሙና በሞላ አፉ። ከዚያ ወዲህ ዘመኑም ዘፈን የሚዘፈንበት አልነበረም፤ ጓደኞቹ ተበተኑ፤ ድምፁ ከመላጫው መስታወት ወጥቶ አያውቅም።

የሚያሳዝነው ግን የገብረአብ ነበር። ክላርኔቱን የነፋው እሱ ሆኖ፣ ሸክላው ሲወጣ ከፖሊስ ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ጋር ሐረር ተልኮ ነበር። ሲመለስ አልቋል። ሙዚቃ ቤቱም ቢሆን ተሽጦለታል። አጥናፉ አንዱን ከሰጠው ሰው መልሶ ሊለምን አምስት ኪሎ ድረስ ሄደና የሰውየውን በር ቆሞ አይቶ ተመለሰ። «አፌ እምቢ አለኝ አስካለ። ሰጥቼ እንዴት እጠይቃለሁ?» ገብረአብ «ምንም አይደል» አለው። ሁለቱ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላወሩም። አጥናፉ ግን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን ጉልት ሁሉ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሸክላ ያገላብጥ ነበር፤ እስኪሸብት።

አሁን እሷ የሰጠችውን ልትጠይቅ ነው።

«እኔ እጠይቃለሁ» አለች ሊሊ። «አንቺ ምንም አትበዪ። ስህተቱ የኔ ነው እላለሁ።»

«አንቺማ ምን በወጣሽ ትጠይቂያለሽ! የሰጠሁት እኔ ነኝ። አጽብሐን ጥሪልኝ።»

የእድሩ ሰዎች ከተበተኑ ወዲህ የሚገናኙት በቴሌግራም ነው። አጽብሐ ስልኩን አፏ ላይ ደቅኖ «ቀዩን ስጫን ይናገሩ» አላት። አስካለ ገላን ድረስ እንዲሰማ ጮኸች።

«ጎረቤቶቼ፣ አስካለ ነኝ! ዛሬ በእጃችሁ የሰጠሁት የኔ አልነበረም፤ ልጄን ጉድ ሠራኋት! ሰው ለሰው የሰጠውን አይቀበልም፤ እኔ ግን አሮጊት ነኝ፣ መልሱልኝ። ፕላስቲኩን ያልቀደዳችሁ አትቅደዱት። ነገ ሰልስት ነው፤ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ። አደራ ደግሞ ታክሲ ላይ እንዳትጥሉት! ደግሞ ጠዋት ብርድ ስለሆነ...»

«እትዬ፣ በቃ፣ ገባቸው» አለ አጽብሐ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሰው በየብብቱ ይዞ መጣ። አስካለ አንገቷን ደፍታ የመጀመሪያውን ጠበቀች። የመጀመሪያዋ ምብራት ናት። ሸክላውን በአዲስ ፎጣ ጠቅልላ ነበር ያመጣችው።

«ፎጣውንም ያዥው» አለች። «ለለቅሶ ቤት ይጠቅማል።»

«ወይኔ ዕድሌ» አለ አጽብሐ የራሱን ካርቶኑ ውስጥ ሲያስገባ፤ «አንድ ሌሊት ባለ ሸክላ ሆኜ አደርኩ። ሚስቴን ‹አትንኪው› ብዬ ሳዝዛት ያደርኩት አይረሳኝም።» ይህን ሲል ሌሎቹም ቀለል አላቸው። አንዱ በልጁ ደብተር መሀል፣ አንዷ በትራስ ልብስ፣ አንዱ አናቱ ላይ ተሸክሞ መለሱ። ማንም ቅር ያለው አይመስልም። ይልቅ እየመለሱ ስለ አጥናፉ ያወሩ ነበር፤ ከመስታወቱ ሥር ቴምብሩን ለልጆች እንዴት በነፃ እንደሚያሾልክ፣ በዝናብ ቀን ጃንጥላውን ሰጥቶ ራሱ በስብሶ እንዴት እንደሚገባ። አስካለ ግማሹን አታውቀውም ነበር።

ሁሉም ግን ደኅና አልተመለሰም። አንዱ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ክብ ጠባሳ ይዞ መጣ። ባለቤቱ «የጠጣሁት ለነፍሱ ነው» አለ። አንዱ ላይ ሕፃን ልጅ በእስክርቢቶ ለአጥናፉ ጢም ሥሎለታል። አንዲት ሴት ደግሞ መልእክቱን ሳትሰማ ሰንዳፋ ለእናቷ ልካዋለች፤ እናቲቱ የቅዱሳን ሥዕል መስሏቸው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፣ አናወርድም ብለዋል።

ሊሊ ከጓዳ አንድ ትንሽ ጥቅል አወጣች። እውነተኛው የዘፋኙ ድርሻ ይህ ነበር፤ ጥቂት ቅጂ፣ ከሦስት መቶው ለአጥናፉ ተብሎ ማታ ከካርቶኑ የተለየ። የተበላሹትን ላመጧቸው ሰዎች ተወችላቸውና በነሱም ባልተመለሱትም ፈንታ ከጥቅሉ ተካች። በመጨረሻ ከድርሻው አንድ ብቻ በእጇ ቀረ፤ ከካርቶኑም አንድ ጎደለ።

«ጋሽ ገብረአብ አልመለሱም» አለች በሹክሹክታ።

«ስልካቸው ቴሌግራም የለውም። ድምፁስ ቢኖር ይሰማሉ?»

ጋሽ ገብረአብ እዚያው ነበሩ። ከአጥናፉ ወንበር አጠገብ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ። ወንበሩ ከሳሎን ወጥቶ ድንኳኑ ሥር ተቀምጧል፤ የአጥናፉ ጋቢ ተጣጥፎ ላዩ ላይ አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም። ጋሽ ገብረአብ ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ጋቢው ሥር አራት ማዕዘን የሆነ ነገር ቅርጹ ይታያል።

«ማተሚያ ቤቱ የላከው ትርፍ የለም» አለች ሊሊ። «ጸሎት መኪና ይዛ እየመጣች ነው፤ ዛሬ ወደ ፖስታ ይገባል። ወይ የኛ፣ ወይ የሳቸው። በወረቀት ጽፌ ላሳያቸው? በደንብ አድርጌ ነው የምጽፈው እማዬ፣ አላስከፋቸውም።»

አስካለ አጥናፉ የታመመ ሰሞን ትዝ አላት። ሊሊ ሽፋኑን በስልኳ ስታሳየው መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። «ስንት ልታሳትሙ ነው?» አላት። «ሦስት መቶ» ስትለው ሳቀ፤ «በዛ!» አለ፣ ሳሉ እስኪነሣበት። አስካለ ውሃ ልታመጣ ሮጣ ስትመለስ ስልኩን ፊቱ ላይ እንደያዘ ነበር። ጣቱ የራሱ ፊት ላይ አልነበረም። «ገብረአብ አይቶታል?» ብሎ ጠየቀ። ሊሊ «ሸክላው ሲመጣ በእጃቸው ይዘው ያዩታል» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ አልበሙ ምንም አልጠየቀም፤ የሚፈልገውን ያገኘ ሰው ይመስል።

«አትጠይቂያቸውም» አለች አስካለ።

«ታዲያ...»

አስካለ ከልጅቷ እጅ የመጨረሻውን ሸክላ ወሰደች። አጥናፉን አንድ ጊዜ አየችው። በነጠላዋ ጫፍ የሌለበትን አቧራ ጠረገችለት። ከዚያ ሁሉ ሰው እያየ ካርቶኑ ዘንድ ሄዳ በጎደለው ቦታ አስገባችው።

«እማዬ! እሱን ከሰጠን ቤት ውስጥ ምንም የለንም እኮ። ማጫወቻውን እንኳ ገዝቼ...»

«ድሮም አልነበረንም። ኖረናል።»

ሊሊ ያን ጊዜ አለቀሰች። አስካለ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አስደገፈቻትና፣ በዚያ ሁሉ መሀል፣ ልጅቷ ምን ያህል እንደከሳች በጣቶቿ ለካች። «ትበያለሽ ዛሬ» አለቻት በጆሮዋ። «እኔ ፊት ተቀምጠሽ ነው የምትበዪው።»

አጽብሐ ካርቶኖቹን በፕላስተር አሸገ። ጸሎት መኪናዋን በሩ ላይ አቁማ ገባች፤ አስካለን ሳመችና አንድ በአንድ ተቀባብለው ጫኑ። ሳጥኖቹ የነበሩበት ግድግዳ ባዶ ሆነ። ወጣቶቹ የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመሩ፤ ሰዉም ተራ በተራ «እግዜር ያጽናሽ» እያለ ተሰናበተ።

ጋሽ ገብረአብ አልተነሡም። ጆሯቸው ባይሰማም ዓይናቸው ከጠዋት ጀምሮ ያየውን አይቷል፤ ሰው እየመጣ ሸክላውን ሲመልስ፣ አስካለም የቤቱን ከልጅቷ እጅ ወስዳ ስታስገባ። ካርቶኖቹ ተጭነው እስኪያልቁ ጠበቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን ከፈቱና ሸክላውን ጭናቸው ላይ አወጡ።

ፕላስቲኩ ገና አልተቀደደም ነበር። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫፉን ወጉት፤ በቀስታ፣ ክላርኔት ይጫወቱበት በነበረው ጣት፣ ዙሪያውን ሰነጠቁት። ፕላስቲኩን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከሽፋኑ ውስጥ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለውን ጥቁር ሸክላ አወጡ። ሽፋኑን በአንድ እጃቸው፣ ሸክላውን በሌላው ያዙ። ሊሊ ጉንጮቿን እየጠረገች አስካለን አየቻት፤ አስካለ ዝም በይ አለቻት በዓይኗ።

ጋሽ ገብረአብ አግዳሚውን ተደግፈው ተነሡ። ሸክላውን፣ ከነነጭ ወረቀቱ፣ የአጥናፉ ወንበር ላይ፣ ከተጣጠፈው ጋቢ በላይ አኖሩት። እንዳይንሸራተት የጋቢውን ጫፍ አነሡና አለበሱት። ሁለቱ ልጆች ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ተቃቅፈው የሚስቁበትን ባዶ ሽፋን ወደ ደረታቸው መለሱና ጋቢያቸውን ላዩ ላይ ዘጉ።

ሰማዩ ጠቁሯል። አስካለ «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጃንጥላ ይያዙ፣ ያ በሩ ላይ ያለው ድንጋይ...» ልትል አፏን ከፈተች፤ እንደማይሰሟት ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው። ጋሽ ገብረአብ ድንጋዩን በእግራቸው ፈልገው ተሻገሩትና እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ወጡ።